የካሜራና የኔትወርክ ባለሙያው ከኤሌክትሪሺያኑ ጋር፦ ማን የቱን ይሠራል? ማንስ ቀድሞ ይገባል?

ቤት የምትሠሩም፣ ሕንፃ የምታስገነቡም፣ ሙያው ውስጥ ያላችሁም ደጋግማችሁ የምታነሱት አንድ ጉዳይ አለ። ልስኑ አልቋል፣ ቀለሙ ተቀብቷል፣ ኮርኒሱ ተዘግቷል። ከዚያ ካሜራ የሚገጥመው ባለሙያ ይመጣና "ቱቦው የት ነው?" ይላል። ኤሌክትሪሺያኑ ደግሞ "እኔ የተዋዋልኩት የመብራትና የሶኬት ነው" ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ግን መሮና መዶሻ ይወጣል፣ የተቀባው ግድግዳ ይፈነቀላል፣ ለሳኙም ቀለም ቀቢውም እንደገና ይጠራሉ። ሂሳቡን የሚከፍለው ባለቤቱ ነው።

ችግሩ ብዙ ጊዜ የሙያ ማነስ አይደለም። ጎበዝ ኤሌክትሪሺያንና ጎበዝ የካሜራ ባለሙያ ይዛችሁም ይሄ ይደርሳል። የሚጎድለው በሁለቱ መካከል ያለው ወሰን ነው፤ ማን የት ላይ እንደሚያቆምና ሌላው ከየት እንደሚቀጥል ቀድሞ አለመነጋገር። ዛሬ ይሄንን ወሰን ከሶሌታው ጀምረን እስከ ርክክቡ ድረስ እናያለን። ጽሑፉ ረዘም ይላል፣ ሴቭ አድርጋችሁ ሥራ ቦታ ላይ ብትከፍቱት ይሻላል።

መጀመሪያ በቃሉ እንግባባ

"ሎው ቮልቴጅ" የሚለው ቃል ራሱ ጭቅጭቅ ያመጣል። አሜሪካ ያለ ወንድማችሁ ወይም ዩቲዩብ ላይ የምታዩት ባለሙያ "ሎው ቮልቴጅ" ሲል የኔትወርክ፣ የካሜራ፣ የደወልና የእሳት ማስጠንቀቂያ መስመር ማለቱ ነው። በዓለም አቀፉ የአይ ኢ ሲ አጠራር ግን ሎው ቮልቴጅ የሚባለው እስከ 1000 ቮልት ተለዋዋጭ ከረንት ድረስ ያለው ነው። ስለዚህ የቤታችን 220 ቮልትም፣ የሦስት ፌዝ 380ውም ሎው ቮልቴጅ ናቸው። የኔትወርኩና የካሜራው መስመር "ኤክስትራ ሎው ቮልቴጅ"፣ ባጭሩ "ኢ ኤል ቪ" ይባላል፤ ከ50 ቮልት ተለዋዋጭ ወይም ከ120 ቮልት ቀጥተኛ ከረንት የማያልፍ ማለት ነው።

ይሄ የቃላት ጨዋታ ይመስላል፣ ውል ላይ ግን ገንዘብ ነው። "የሎው ቮልቴጅ ሥራን ያካትታል" የሚል አንድ መስመር ያለው ውል ሁለት ሰዎች በሁለት መንገድ ያነቡታል። ፕላን ላይ "ኤል ቪ" እና "ኢ ኤል ቪ" ተብለው የተለያዩ ወረቀቶች ካሉ ልዩነታቸው ይሄ ነው። ውል ስትጽፉ ግን ምህጻረ ቃሉን ተዉትና ሥራውን በስሙ ጥሩት፦ ካሜራ፣ ኔትወርክ፣ ኢንተርኮም፣ ዲሽ፣ የእሳት ማስጠንቀቂያ፣ የበር መቆጣጠሪያ።

ሌላም አለ። የኔትወርኩ ልጅ "እዚህ ጋ ስዊች ይኖራል" ሲል ኤሌክትሪሺያኑ የሚሰማው የመብራት ማብሪያ ማጥፊያ ነው። እሱ ግን ኬብሎቹ የሚሰበሰቡበትን፣ ሶኬት የሚፈልገውን ዕቃ ማለቱ ነው። ግድግዳው ላይ ማብሪያ ተገጥሞለት የጠበቀው ባለሙያ አለ፣ አትሳቁ።

ትልቁ ወሰን፦ ቱቦው

በእኛ ሀገር ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ አርማታ ነው። እንደ እንጨትና ጂፕሰም ቤት በኋላ ኬብል ሾልኮ የሚገባበት ክፍተት የለም። ስለዚህ ጉዳዩ የሚወሰነው ቱቦው ላይ ነው። ቱቦ ካለ ኬብሉ ዛሬም፣ ከ10 ዓመት በኋላም ይገባል። ቱቦ ከሌለ ምርጫው ወይ መፈንቀል ወይ በግድግዳው ላይ በፕላስቲክ ትራንክ ማስኬድ ነው።

እኛ የምንመክረው አንድ ነው፤ ቱቦውንና ስካቶላውን በሙሉ፣ የኢ ኤል ቪውንም ጨምሮ፣ ኤሌክትሪሺያኑ ይዘርጋ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፌሮው ታስሮ ሶሌታው ሊሞላ ሲል ሳይት ላይ ያለው እሱ ነው። ካሜራ ገጣሚው ብዙ ጊዜ ገና አልተቀጠረም። ነገር ግን ቱቦው የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ፣ ስፋቱም ስንት እንደሆነ የሚወስነው የኢ ኤል ቪው ባለሙያ መሆን አለበት። ኤሌክትሪሺያኑ በግምት ከዘረጋው "ለኔትወርክ" ብሎ ከእያንዳንዱ ክፍል አንዱን ሶኬት ከሌላው ጋር እያያያዘ በሰንሰለት ይወስደዋል፤ የመብራት ሥራ እንደዚያ ስለሚሠራ። የኔትወርክ ኬብል ግን ከእያንዳንዱ ነጥብ ተነስቶ ሳይቆረጥ ወደ አንድ ማዕከል ነው የሚሄደው። 12 ነጥብ ካለ 12 ኬብል ወደ አንድ ቦታ ይመጣል። ይሄን ልዩነት ገና በጠዋቱ ያልተነጋገሩ ሁለት ባለሙያዎች ቱቦ ኖሮም የማይጠቅም ቱቦ ይዘው ይቀራሉ።

ስለ ስፋቱ። ካት 6 ኬብል ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። የተለመደው ደንብ ሦስትና ከዚያ በላይ ኬብል ሲገባ ከቱቦው የውስጥ ስፋት 40 በመቶውን ብቻ መሙላት ነው። ስታሰሉት ባለ 20 ሚሊ ሜትር ቱቦ 3 ኬብል፣ ባለ 25ቱ ደግሞ 5 ገደማ ይይዛል። "ሌላም ይገባል እኮ" ትሉ ይሆናል። ይገባል። ግን በጉልበት ሲጎተት ነው የሚገባው፣ ካት ኬብል ደግሞ ጉልበት አይወድም። የሚፈቀደው የመጎተቻ ኃይል 110 ኒውተን ነው፣ ወደ 11 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። የመብራት ሽቦ ሲስብ የኖረ ወጠምሻ ቀን ሠራተኛ በአንድ ትንፋሽ ያልፈዋል። ኬብሉ አይበጠስም፣ ውስጡ ያሉት ጥንድ ሽቦዎች ጥምዝማዛቸው ይላላል፤ ኢንተርኔቱ ይሠራል ግን ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ምክንያቱንም ማንም አያገኘውም።

መታጠፊያውም እንደዚሁ። በሁለት መጎተቻ ሳጥኖች መካከል ከሁለት በላይ የ90 ዲግሪ መታጠፊያ አይኑር፣ ርቀቱም ከ30 ሜትር አይብለጥ። ካለፈ መሃል ላይ ሳጥን ይጨመር። በቱቦው ውስጥ ደግሞ መጎተቻ ሲባጎ ወይም ቀጭን ሽቦ ገብቶ ይቅር፣ ጫፉም በፕላስቲክ ይታሸግ። በሶሌታ ሙሌት ጊዜ ሲሚንቶ የገባበት ቱቦ ምን ያህል እንደሚያስለቅስ በሙያው ያላችሁ ታውቃላችሁ።

ማን መቼ ይገባል?

ቅደም ተከተሉን እንዲህ እናየዋለን። ሶሌታ ከመሞላቱ በፊት የኢ ኤል ቪው ባለሙያ አንድ ቀን ሳይት ይምጣ። ገና የካሜራውን ዓይነት ባትመርጡም ችግር የለውም፤ የእሱ ሥራ በዚያ ቀን ነጥቦቹን በኖራ ወይም በቀለም ምልክት ማድረግ ነው። የአንድ ቀን አበል የሚከፈለው ለዚህ ከሆነ ከጠቅላላው ሥራ ርካሹ ወጪ እሱ ነው ብለን እናምናለን። ብሎኬቱ ተገንብቶ ልስን ከመጀመሩ በፊት ሁለተኛ ይምጣ፣ ከኤሌክትሪሺያኑና ከፎርማኑ ጋር ሆነው ክፍል በክፍል ይዙሩ። ስካቶላው በትክክለኛው ከፍታ ነው? ቴሌቪዥኑ የሚሰቀልበት ግድግዳ አልተቀየረም? የወጥ ቤቱ ካቢኔ ሶኬቱን አይጋርደውም?

ኬብል የሚጎተተው ልስኑ አልቆ ከደረቀ በኋላ፣ ኮርኒሱ ግን ከመዘጋቱ በፊት ነው። እዚህ ጋ የተለመደው ግጭት ጂፕሰም ሠሪው ቸኩሎ መዝጋቱ ነው። እሱ በካሬ ስለሚከፈለው የማንንም ኬብል አይጠብቅም። ስለዚህ ፎርማኑ "ኮርኒስ ዝጋ" ከማለቱ በፊት ኤሌክትሪሺያኑም የኢ ኤል ቪው ባለሙያም "ጨርሻለሁ" ብለው ይፈርሙ። በቴሌግራም ግሩፕ ላይ "ሁለተኛ ፎቅ ጨርሻለሁ" የሚል መልእክትም ይበቃል፣ ዋናው ቀኑ መመዝገቡ ነው።

ካሜራውና ሌሎቹ ዕቃዎች የሚገጠሙት ቀለሙ ካለቀ በኋላ ነው። አቧራና ቀለም የሌንስ ጠላት ናቸው፤ ሳይት ላይ ቀድሞ የተሰቀለ ካሜራ የሚጠፋበትም ጊዜ አለ።

አንድ የማይዘለል ነገር። ኤሌክትሪሺያኑ መስመሩን ሲያስረክብ የሽቦውን ሽፋን በሜገር ይፈትሻል፤ ይሄ መሣሪያ ለ220 ቮልት መስመር 500 ቮልት ይለቃል። በዚያ መስመር ላይ የካሜራ ፓወር ሰፕላይ፣ ራውተር ወይም የኢንተርኮም ዕቃ ተሰክቶ ከሆነ ሊያቃጥለው ይችላል። ስለዚህ ፍተሻው ይቅደም፣ ዕቃው በኋላ ይሰካ። የግንባታ ጊዜያዊ መብራት ላይም ውድ ዕቃ አትሰኩ። በሦስት ፌዝ ጊዜያዊ መስመር ላይ ኒውትራሉ ከላላ 220 የነበረው ሶኬት ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል፤ የሚቃጠለው ደግሞ በዚያ ሰዓት የተሰካው ሁሉ ነው።

አብረው ይሂዱ ወይስ ይለያዩ?

የመብራት ሽቦና የኔትወርክ ኬብል በአንድ ቱቦ ውስጥ አይሄዱም። በአንድ ስካቶላም መሃሉ ሳይከፈል አይቀመጡም። ይሄ ድርድር የለውም።

ብዙ ሰው ምክንያቱን ሲናገር "ኢንተርኔቱን ይረብሸዋል" ይላል። እውነት አለው፣ በተለይ ረጅም መንገድ ጎን ለጎን ሲሄዱና ከባድ ሞተር ያለበት መስመር ሲሆን። ነገር ግን በአንድ ተራ መኖሪያ ቤት ውስጥ ለጥቂት ሜትር መቀራረቡ ያን ያህል ላይታይ ይችላል፤ የካት ኬብል ጥንዶች የተጠማዘዙት ረብሻን ለመከላከል ነው። ዋናው ምክንያት ሕይወት ነው። የኔትወርክ ኬብል ሽፋን ስስ ነው፣ ለ220 ቮልት አልተሠራም። በአንድ ቱቦ ውስጥ ሲጎተቱ የመብራቱ ሽቦ ከተላጠና ከነካው 220 ቮልት ወደ ራውተሩ፣ ወደ ኢንተርኮሙ ማውሪያ፣ ልጅ ወደሚነካው የደወል ቁልፍ ይደርሳል። የካሜራ ባለሙያው ደግሞ "ይሄ 12 ቮልት ነው" ብሎ ብሬከር ሳያጠፋ ነው የሚነካው። ኤሌክትሪሺያኑ የዘረጋው ላይ እምነት ጥሎ ነው፣ አደጋውም እዚያ ጋ ነው።

ጎን ለጎን በተለያየ ቱቦ ሲሄዱ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ማራቅ ጥሩ ልማድ ነው። መሻገር ካለባቸው ቀጥ ብለው በ90 ዲግሪ ይሻገሩ። ቀለማቸውም ይለይ፤ ሁሉም ቱቦ አንድ ዓይነት ከሆነ ጫፉ ላይ ባለቀለም ቴፕ መጠቅለል በኋላ የሚመጣውን ሰው ያድናል። ለሞተር የሚሠራ የግቢ በርም የሚረሳ ቦታ ነው። ለሞተሩ 220 ይሄዳል፣ ለቁልፉና ለሴንሰሩ ደግሞ የኢ ኤል ቪ መስመር ይሄዳል። ሁለት ቱቦ በግቢው ንጣፍ ሥር ይቀበር፣ ንጣፉ ከመነጠፉ በፊት።

ሁለተኛው ወሰን፦ ኃይል ከማን?

የኢ ኤል ቪው ዕቃ በሙሉ መጨረሻ ላይ ከ220 ነው የሚበላው። ይሄ ወሰን በግልጽ ካልተቀመጠ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ፤ ራኩ ጓዳ ውስጥ ይሰቀላል፣ በአቅራቢያው ሶኬት የለም፣ ከሳሎን በዲቫይደር ይሳባል፣ የቤት ሠራተኛዋ ለማጽዳት ስትነቅለው ካሜራው በሙሉ ይጠፋል።

እኛ ጥሩ ነው የምንለው አሠራር ይሄ ነው። ኤሌክትሪሺያኑ ለራኩ የራሱ ብሬከር ያለው፣ ኧርዝ የደረሰው፣ ቢያንስ ሁለት ሶኬት ያለው መስመር ያደርሳል፤ እዚያ ላይ ያቆማል። ከሶኬቱ በኋላ ያለው፣ ዩፒኤሱም ጭምር፣ የኢ ኤል ቪው ባለሙያ ኃላፊነት ነው። ጄኔሬተር ካላችሁ ይሄ ብሬከር ጄኔሬተሩ በሚመግበው በኩል ይሁን። መብራት በሚመላለስበት አካባቢ ይሄ የቅንጦት ነገር አይደለም፣ ሌባ የሚመጣው መብራት ሲሄድ ነውና።

የፋይበር ኢንተርኔት ለምታስገቡም እንደዚሁ። የኢትዮ ቴሌኮም መስመር ከውጭ የሚገባበት ባዶ ቱቦ ከአጥሩ ወይም ከጣሪያው ጥግ እስከ ራኩ ቦታ ድረስ ይዘርጋ፣ ሶኬቱም እዚያው ይኑር። ፋይበሩ ራሱ ኤሌክትሪክ አይሸከምም፣ ጫፉ ላይ ያለው ሳጥን ግን መብራት ይፈልጋል። ቱቦው ሰፋ ያለ መታጠፊያ ይኑረው፤ ፋይበር ሹል መታጠፊያ ላይ ብርሃኑ ያመልጣል።

ስለ ካሜራ ኃይል አንድ ስሌት እንስጣችሁ፣ ብዙ ጭቅጭቅ ያበርዳል። "ቀን ይሠራል፣ ማታ ይጠፋል" የሚባል ካሜራ አለ አይደል? ማታ የኢንፍራሬድ መብራቱ ሲበራ ተጨማሪ ከረንት ስለሚስብ ነው። በ0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ 12 ቮልት 50 ሜትር ብትልኩ፣ መሄጃና መመለሻው 100 ሜትር ነው፤ ተቃውሞው 2.3 ኦም ገደማ ይሆናል። ሁለት ካሜራ ተጋርተው ማታ 1 አምፔር ከሳቡ 2.3 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፣ ካሜራው ጋ የሚደርሰው 9.7 ነው። ቀን ላይ 0.3 አምፔር ሲስቡ የነበሩ ከሆነ የሚጠፋው 0.7 ብቻ ነበር፣ ስለዚህ ይሠራ ነበር። ጥፋቱ የካሜራውም የኤሌክትሪሺያኑም አይደለም፣ የሽቦው ቅጥነትና የርቀቱ ነው።

አዲስ ለምትጀምሩ "ፖ" የሚባለውን፣ ኃይልና መረጃ በአንድ ካት ኬብል የሚልከውን መምረጥ ይሻላል። ቮልቴጁ ወደ 48 ስለሚጠጋ በርቀት ብዙም አይዳከምም፣ በእያንዳንዱ ካሜራ ሥርም 220 ሶኬት አያስፈልግም፤ ኤሌክትሪሺያኑም ይገላገላል። ገደቡ ርቀቱ ነው። በግድግዳ ውስጥ የሚቀበረው ኬብል እስከ 90 ሜትር፣ ከሁለቱ ጫፍ ማያያዣ ጋር በድምሩ 100 ሜትር። ሰፊ ግቢ ወይም ረጅም ሕንፃ ከሆነ መሃል ላይ ሌላ ማዕከል ያስፈልጋል፣ ለዚያ ማዕከል ደግሞ ሶኬት ያስፈልጋል። ይሄ ለኤሌክትሪሺያኑ ቀድሞ ይነገረው።

በዚሁ አጋጣሚ፣ ኬብል ስትገዙ ተጠንቀቁ። ገበያ ላይ ከላይ መዳብ የተቀባ፣ ውስጡ ግን አሉሚኒየም የሆነ ካት ኬብል በብዛት አለ። ዋጋው ስለሚቀንስ ይማርካል። ተቃውሞው ከመዳብ ይበልጣል፣ ቶሎ ይሰበራል፣ ለፖ አይሆንም፣ የካት ኬብል ስታንዳርድንም አያሟላም። መለያው ቀላል ነው፤ ጫፉን በምላጭ ፋቁት። ውስጡ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው። ካርቶኑን ስታነሱትም ቀለል ይላል። ግድግዳ ውስጥ ከገባ በኋላ ማንም አያየውም፣ ስለዚህ ከመጎተቱ በፊት ነው የሚታየው።

ሰው የሚሞትበት ወሰን

እስካሁን ያወራነው በአብዛኛው ስለ ገንዘብ ነው። ይሄ ክፍል ግን ቢሮ፣ ሆቴል፣ ክሊኒክና ትምህርት ቤት ያላችሁ ረጋ ብላችሁ እንድታነቡት እንፈልጋለን።

በካርድ ወይም በጣት አሻራ የሚከፈት በር ብዙ ጊዜ የሚይዘው ማግኔት ነው። ማግኔቱ 12 ወይም 24 ቮልት እስካገኘ ድረስ በሩን ይዞ ይቆያል፣ ኃይል ሲቋረጥ ይለቃል። ይሄ ለእሳት አደጋ ታስቦ የተሠራ ነው፤ መብራት ከጠፋ በሩ ይከፈታል፣ ሰው ይወጣል። እኛ ሀገር ግን መብራት ስለሚሄድ ባለቤቱ "ሌሊት በሩ ክፍት እንዳይሆን" ይላል። ይሄም ተገቢ ስጋት ነው። የበሩ ባለሙያ ባትሪ ወይም ዩፒኤስ ይጨምራል። አሁን እሳት ቢነሳ ምን ይሆናል? ኤሌክትሪሺያኑ የሠራው ዋናው ብሬከር ይወድቃል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ ጭሱ ይሞላል። በሩ ግን ባትሪ ስላለው እንደተቆለፈ ይቀራል።

መፍትሔው ባትሪውን ማውጣት አይደለም። የእሳት ማስጠንቀቂያው ፓኔል ደወሉን ሲያሰማ የማግኔቱን ኃይል፣ የባትሪውንም ጨምሮ፣ የሚቆርጥ ግንኙነት መኖር አለበት። ይሄ አንድ ሪሌና አንድ ጥንድ ሽቦ ነው። ነገር ግን የሦስት ሰው ሥራ መገናኛ ላይ ነው ያለው፤ የእሳቱ ባለሙያ፣ የበሩ ባለሙያ፣ ኤሌክትሪሺያኑ። እያንዳንዱ "የእኔ ሥራ አይደለም" ብሎ ቢወጣ ውሉን አላፈረሰም። ስለዚህ በማን ውል ውስጥ እንደሚገባ በጽሑፍ አስቀምጡ። እኛ የእሳት ማስጠንቀቂያው ባለሙያ ቢይዘው እንመርጣለን፣ ምልክቱ የሚወጣው ከእሱ ፓኔል ነውና። በሩ አጠገብም ከውስጥ በኩል በእጅ ተጭኖ ኃይሉን በቀጥታ የሚቆርጥ ቁልፍ ይኑር። በርክክብ ቀን ሦስቱም ባሉበት ደወሉን አስነሱ፣ በሮቹን ሁሉ በእጃችሁ ግፉ። ሊፍት ካለ ከእሳቱ ፓኔል ምልክት ተቀብሎ ሰው ወደሚያወርድበት ፎቅ መሄዱንም በዚያው ቀን እዩ።

የእሳት ፓኔሉ ራሱ የራሱ ብሬከር ይኑረው። ብሬከሩ ላይ ምን እንደሆነ ይጻፍበት፣ ማታ ሱቅ ሲዘጋ "ሁሉንም አጥፋ" በሚባለው መስመር ላይ አይሁን። ፓኔሉ በባትሪው ቢያንስ 24 ሰዓት እንዲቆይ በተለመዱት ዓለም አቀፍ ስታንዳርዶች ይጠየቃል፣ ግን በየማታው የሚጠፋበት ከሆነ ባትሪው በጥቂት ጊዜ ይደክማል። ኬብሉም እሳት የሚቋቋም ዓይነት ይሁን፣ ከሌሎቹ ተለይቶ በራሱ መንገድ ይሂድ። ኬብሎች ከፎቅ ፎቅ የሚያልፉበት ቀዳዳም በሥራው መጨረሻ እሳት በሚከለክል ማሸጊያ ይደፈን። ክፍት የቀረ ቀዳዳ ለጭስ ጭስ ማውጫ ነው። እሱንም ማን እንደሚደፍነው ካልተጻፈ ማንም አይደፍነውም።

ኧርዝና መብረቅ

በክረምት ነጎድጓድ ሲበዛ ካሜራና ራውተር ያቃጠለባችሁ ትኖራላችሁ። እዚህ ጋ የምንሰማው ስህተት የኢ ኤል ቪው ባለሙያ "ለእኔ የራሴን ኧርዝ ልቅበር" ብሎ ከሕንፃው ኧርዝ ጋር ያልተገናኘ ሌላ ዘንግ መትከሉ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ይመስላል፣ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው። መብረቅ በአቅራቢያ ሲወድቅ በሁለቱ ዘንጎች መካከል ትልቅ የቮልቴጅ ልዩነት ይፈጠራል፣ ያ ልዩነት ደግሞ የሚያልፈው በዕቃችሁ ውስጥ ነው። ሁሉም ኧርዝ በአንድ ማገናኛ ላይ ይታሰር። ኤሌክትሪሺያኑ ከዋናው የኧርዝ ማገናኛ ወደ ራኩ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ያድርስ፣ የኢ ኤል ቪው ባለሙያ ራኩን ይሰር። ጣሪያ ላይ ያለ ዲሽና ምሰሶ ላይ ያለ ካሜራም ሰርጅ መከላከያ ይፈልጋሉ፤ ያለ ኧርዝ የተገጠመ ሰርጅ መከላከያ ግን ጌጥ ነው።

ውሉና ርክክቡ

ለኤሌክትሪክ ሥራው የብቃት ማረጋገጫ ያለው ባለሙያ ያዙ። የካሜራውን ልጅ ብሬከር ሳጥን ውስጥ ገብቶ መስመር እንዲስብ አትፍቀዱ፣ "ትንሽ ነገር ነው" ቢላችሁም። ኤሌክትሪሺያኑም የኔትወርክ ጫፍ ላይ ማያያዣ እንዲመታ አትዘዙት፤ ስምንቱን ቀለማት በቅደም ተከተል ማስቀመጥና በመሣሪያ መፈተሽ የሌላ ሰው ሙያ ነው።

የውል ዋጋ ስትጠይቁ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ወረቀት ስጧቸው። ወረቀቱ ላይ ቱቦ ማን ያቀርባል፣ ግድግዳ ማን ይቦረቡራል፣ ማን ይደፍናል፣ የራኩ መስመር ማን ያመጣል፣ ኧርዝ ማን ያደርሳል፣ መሰላልና ስካፎልዲንግ የማን ነው የሚለው ይኑር። አንዱ ዋጋ ረክሶ ሌላው የተወደደባችሁ ጊዜ ብዙ ጊዜ ልዩነቱ ከእነዚህ አንዱን አለመቁጠሩ ነው።

ለኢ ኤል ቪው ባለሙያ የመጨረሻውን ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት እያንዳንዱ ኬብል በሁለቱም ጫፍ ቁጥር ይጻፍበት፣ በመሣሪያ ይፈተሽ፣ ውጤቱን ይስጣችሁ። ከኤሌክትሪሺያኑ ደግሞ እያንዳንዱ ብሬከር የቱን እንደሚመግብ የሚያሳይ ወረቀት ሳጥኑ በር ላይ ይለጠፍ።

ውጭ ሀገር ሆናችሁ ቤት የምታሠሩ ወገኖቻችን፣ ቪዲዮ ስትጠይቁ አብዛኛውን ጊዜ የሚላክላችሁ ያለቀው ሳሎን ነው። እናንተ የምትፈልጉት ግን ልስን ከመጀመሩ በፊት ያለውን ነው። በእያንዳንዱ ክፍል አራቱም ግድግዳ፣ ሜትር ተዘርግቶበት፣ ቱቦዎቹ እየታዩ ፎቶ ይነሳ። ሶሌታውም ከመሞላቱ በፊት እንደዚሁ። የክፍሉ ስም ወረቀት ላይ ተጽፎ በፎቶው ውስጥ ይግባ። ወኪላችሁ "ምን ያደርግልሻል፣ ምን ያደርግልሃል" ቢልም ግድ በሉት። ከዓመታት በኋላ መጋረጃ ሊሰቀል ግድግዳው ሲበሳ የት ጋ መብሳት እንደሌለበት የሚነግራችሁ ያ ፎቶ ብቻ ነው።

አማካሪ መሐንዲስ የሌለው ተራ የመኖሪያ ቤት ከሆነ ይሄን ሁሉ የሚያስተባብረው ማነው ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ፎርማኑ ቢይዘው ጥሩ ነው፣ ሳይት የሚውለው እሱ ስለሆነ። እሱ ካልቻለ ኤሌክትሪሺያኑ፣ ለማስተባበሩ ተጨማሪ ተከፍሎት። ቴሌግራም ላይ ባለቤቱ፣ ፎርማኑ፣ ኤሌክትሪሺያኑ፣ የካሜራው ባለሙያና ጂፕሰም ሠሪው ያሉበት አንድ ግሩፕ ክፈቱ። ፕላኑና ፎቶዎቹ እዚያ ይቀመጡ፣ "ነገ ሶሌታ ይሞላል" የሚለውም መልእክት ቢያንስ ከሦስት ቀን በፊት እዚያ ይለጠፍ።

በሥራችሁ ላይ ያጋጠማችሁን፣ በተለይ የበር ማግኔትና የእሳት ፓኔልን እንዴት እንዳገናኛችሁት፣ ሐሳብ መስጫው ላይ ጻፉልን። የሰውና የድርጅት ስም ሳትጠቅሱ ይሁን።